የታሪክ ጌም ላይ አንድ ተራ ስንት ቀን ይሁን? በዓድዋ ዘመቻ ደረጃ በደረጃ

ቤት ውስጥ በካርታና በቆርኪ የምንጫወተውን የዓድዋ ዘመቻ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አንድ ተራ ስንት ቀን ነው?» ተራ ማለት ሁሉም ተጫዋች አንዴ የሚንቀሳቀስበት ዙር ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ክረምትና በጋውን እንዴት አስገባችሁት?» ይላል። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ስመልስ ጣቴ ዛለ። አንዴ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክ ብዬ ነው።

ይህን ተከትላችሁ ስትጨርሱ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ፣ 18 ተራ ያለው ዘመቻ ይኖራችኋል። ሌላ ጦርነት መሥራት ከፈለጋችሁም ሥራው ያው ነው፤ ቀኖቹን ብቻ ትቀይራላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ኤ-3 ወረቀት፣ ከላይና ከታች ተለጥፎ 84 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም። ካርቶን ላይ ብታጣብቁት ይሻላል።
- እርሳስ፣ ላፒስ፣ ማስመሪያና ሁለት ቀለም ማርከር።
- 24 ቆርኪ። 20ው የምኒልክ፣ 4ቱ የጣሊያን። በቀለም ለዩአቸው።
- አንድ ሲኒ ሽምብራ። ስንቅ ነው። ጥሬውን ተጠቀሙ፤ ቆሎ ካደረጋችሁት ጦሩ ሳይሆን እናንተ ትበሉታላችሁ።
- አንድ ዳይስ።
- ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር፣ የኢትዮጵያ ቀን ያለበት።
- ለትእዛዝ የሚሆን ብጥስጣሽ ወረቀት።

1. መነሻና መድረሻ ቀኑን ጻፉ፣ ቀኑን ቁጠሩ

ካርታ ከመሳላችሁ በፊት ሁለት ቀን ወረቀት ላይ አስፍሩ። የእኛ መነሻ የክተት አዋጁ ነው፤ መስከረም 7 ቀን 1888። መድረሻው የካቲት 23 ነው። መሃሉ 166 ቀን ነው።

ይህን ቁጥር ሳታውቁ የተራ ርዝመት መምረጥ ጨርቁን ሳይለኩ ሱሪ መቁረጥ ነው። ብዙ ሰው «አንድ ተራ አንድ ወር» ብሎ ይጀምርና ጦርነቱ በስድስት ተራ ሲያልቅበት ግራ ይገባዋል።

2. የተራውን ርዝመት ምረጡ

ኮምፒውተር ላይ የምትጫወቱ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። «ሮም ቶታል ዋር» የሚባለው የጦርነት ጌም ዓመቱን ለሁለት ተራ ይከፍለዋል። የዚያው ተከታታይ ጌም የሆነው «ሾገን 2» ለአራት ተራ ይከፍለዋል። «ናፖሊዮን» ላይ አንድ ተራ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። «ሜዲቫል 2» ደግሞ በአንድ ተራ ሁለት ዓመት ያሻግራችኋል፤ ጄኔራሉ ግን በሁለት ተራ የሚያረጀው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ካላንደሩ አራት ዓመት ሲሮጥ ሰውየው አንድ ዓመት። በ20 ዓመቱ የጀመረ ልዑል 60 ሲሞላው 160 ዓመት አልፏል። ጌሙን የምታምኑት ያን እስክታስተውሉ ድረስ ነው።

ዓድዋን በሮም ቶታል ዋር ልክ ብትሠሩት ዘመቻው በሙሉ በአንድ ተራ ይዋጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ።

ሀ. ከሁሉ አጭሩ ወሳኝ ክስተት ስንት ቀን ፈጀ? እዚህ የጣሊያን ምሽግ የተከበበበት የመቀሌ ከበባ ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ። ተራው ከዚያ ከረዘመ ከበባው ይጠፋል። እኛ መጀመሪያ በወር ሞክረን ነበር። የምኒልክ ተጫዋች ውኃውን ለመቁረጥ ሲያስብ ምሽጉ በዚያው ተራ እጁን ሰጥቶ አለቀ። መወሰን የሚባል ነገር አልነበረም።

ለ. ከሁሉ ረጅሙ ዝምታ ስንት ቀን ነው? ጥቅምት በሙሉ ማለት ይቻላል ጉዞና መሰብሰብ ነው። ተራውን አንድ ቀን ካደረጋችሁት ሠላሳ ጊዜ «ተጓዝኩ» ትላላችሁ። የአክስቴ ልጅ ጦሩ የሚሰበሰብበት ወረኢሉ ሳይደርስ ሶፋው ላይ ተኛ።

ሐ. ስንት ሰዓት አላችሁ? በአራት ሰው አንድ ተራ 12 ደቂቃ ገደማ ይወስድብናል። 18 ተራ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከቡና ጋር አራት በሉት።

ለዓድዋ የሦስቱም መልስ 10 ቀን ላይ ይገናኛል።

3. ካላንደሩን ቆርጣችሁ የተራ መቁጠሪያ አድርጉ

እዚህ ላይ የራሳችን ካላንደር ያግዛል። ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ ልክ ሦስት ተራ ይወጣል፤ ትርፍ ቀን የለም። በፈረንጆቹ ብትሠሩት 28፣ 30፣ 31 እያላችሁ ትንጨረጨራላችሁ።

ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉትን ስድስት ገጾች ቆርጣችሁ ደርድሩ። እያንዳንዱን ወር በማርከር ሦስት ቦታ ክፈሉ፤ ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 20፣ ከ21 እስከ 30። ከ1 እስከ 18 ቁጥር ስጡ። አንድ ባቄላ ወይም ሳንቲም «ዛሬ» ይሁንና በየተራው አንድ ቦታ ይግፋ።

ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት አይበቃም። ተጫዋቹ «ተራ 12» ሲል ምንም አይሰማውም። ጣቱን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አሳርፎ «ገና ሊደርስ ነው እኮ» ሲል ግን ቀኑ ውስጥ ገብቷል። የእኔ ካላንደር ላይ የበዓላቱ ቀይ ቀለም ስላለ ሰው ሳይነገረው ያነበዋል።

ዓመቱን የሚሻገር ጨዋታ ከሠራችሁ ጳጉሜን ብቻዋን አንድ አጭር ተራ አድርጓት። ጦር አይንቀሳቀስባት፤ ስንቅ ይቆጠርባት፣ ሹመት ይሰጥባት።

4. ካርታውን ከተራው ጋር አስታርቁ

ይህ ደረጃ ከሁሉ በላይ ይዘለላል። ከሁሉ በላይ የሚያበላሸውም እሱ ነው።

1 ሴንቲ ሜትር ለ10 ኪሎ ሜትር ያዙ። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ካሬ አስምሩ። አንድ ካሬ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከታች አዲስ አበባ፣ ከላይ ምጽዋ፤ መሃል ላይ ወረኢሉ፣ አምባ አላጌ፣ መቀሌ፣ ዓድዋ። ሁለቱ ወረቀት ይበቃል።

አሁን የጉዞ ፍጥነት። «ሰው በቀን 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በ10 ቀን 150፣ ስለዚህ ሦስት ካሬ» እንዳትሉ። እኔ ብዬ ነበር። ጨዋታው ላይ ምኒልክ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዓድዋ ገቡ። መንገዱ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አጋሰስና መድፍ ደግሞ እንደ አንድ ሰው አይሄድም።

ፍጥነቱን ከሚታወቅ ቀን ወደ ኋላ አስሉት፦

- ምኒልክ ከአዲስ አበባ የተነሡት ጥቅምት 2 ነው። ያ ተራ 4 ነው።
- ግንባር ቀደሙ ጦር አምባ አላጌ ላይ የተዋጋው ኅዳር 28። ያ ተራ 9 ነው። ርቀቱ በቀጥታ 9 ካሬ ገደማ። ቀላል ጦር በተራ 2 ካሬ ከሄደ በአምስት ተራ ይደርስና አንድ ተራ ይተርፈዋል። ልክ ነው።
- ዋናው ጦር መቀሌ የደረሰው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ርቀቱ 10 ካሬ ገደማ። በተራ 1 ካሬ ከሄደ ተራ 13፣ ጥር መባቻ ላይ ይደርሳል። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ነው።

ስለዚህ ቀላል ጦር 2፣ ከባድ ጦር 1። በቃ። ከሁለት በላይ የሚታወቅ ቀን ካላችሁ በሦስተኛውም ፈትሹት።

5. ወቅቱ አንድ ውሳኔ ይቀይር

ወቅት ማለት ካርታውን አረንጓዴ መቀባት አይደለም። ተጫዋቹ ትናንት ማድረግ ይችል የነበረውን ዛሬ ካልቻለ ወቅቱ አለ። ካልሆነ ጌጥ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ክፉ ወቅት በረዶ ነው፤ ጦሩ የሚሞተው በታኅሣሥና በጥር ነው። ያንን ቀድታችሁ ወደ እኛ ካመጣችሁት ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ጋ ታኅሣሥና ጥር የዘመቻ ወር ነው። የሚያስረው ክረምቱ ነው።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ በአገራችን የተደረጉትን ትልልቅ ውጊያዎች ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ደርድሩ። ጉንደት ኅዳር 1875። ጉራዕ መጋቢት 1876። ዶጋሊ ጥር 1887። መተማ መጋቢት 1889። ዓድዋ መጋቢት 1 ቀን 1896። ማይጨው መጋቢት 1936። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር መቅደላን የያዘው ሚያዝያ 1868 ሲሆን ዋናው ዝናብ ሳይይዘው በሰኔ መርከብ ላይ ነበር። ሁሉም ደረቅ ወር ወይም የክረምቱ ዋዜማ ነው። የእምባቦ ውጊያ ብቻ ሰኔ 1882 ላይ ወጣ ይላል። ስለዚህ ክረምት ላይ መዋጋትን «አይቻልም» አትበሉ፤ «ውድ ነው» በሉ።

የምንጠቀምባቸው ሕጎች እነዚህ ናቸው፦

- መስከረም (ተራ 1 እስከ 3)፦ ማንም ጦር አይንቀሳቀስም። ተጫዋቹ ማን የት እንደሚገናኝ ብቻ ይጽፋል። ዓባይና ተከዜ ዝግ ናቸው፤ የጎጃም ጦር የሚነሣው ከተራ 4 ወዲህ ነው። አዋጁ ሰዉን ወረኢሉ በጥቅምት እኩሌታ ክተት ያለው ለምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።
- ጥቅምትና ኅዳር (ተራ 4 እስከ 9)፦ መንገዱ ደርቋል፣ እህሉ ግን ገና ማሳ ላይ ነው። በራሱ አገር መንገድ የሚጓዝ ጦር ከጎተራ ይበላል፤ ሽምብራ አይቀንስም።
- ታኅሣሥ (ተራ 10 እስከ 12)፦ መኸር ገብቷል። እያንዳንዱ ካሬ ላይ 10 ሽምብራ አስቀምጡ። እያንዳንዱ ቆርኪ ደግሞ 2 ሽምብራ ስንቅ ይያዝ።
- ጥርና የካቲት (ተራ 13 እስከ 18)፦ ለመንገድ ምርጥ ወር። ነገር ግን የተበላ ካሬ አይሞላም።
- ከየካቲት የሚያልፍ ካለ፦ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ዳይስ ጣሉ፤ 1 ወይም 2 ከወጣ የበልግ ዝናብ ነውና ጉዞ በግማሽ። ሰኔ ሲገባ ወንዞቹ ይዘጋሉ፣ ጨዋታውም ያበቃል።

የመጨረሻውን ሕግ መቼም ላትደርሱበት ትችላላችሁ። ቢሆንም ካላንደሩ ጫፍ ላይ ጻፉት። ተጫዋቹ ሰኔን ከሩቅ እያየ ነው የሚቸኩለው።

6. ተራውንና ወቅቱን በስንቅ እሰሩ

ሕጉ አንድ መስመር ነው። ካሬዎቹ ላይ ሽምብራ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ቆርኪ በአንድ ተራ አንድ ሽምብራ ይበላል። ከጎተራ የሚበላው ብቻ ነፃ ነው።

የጦሩን ቁጥር እንዲህ አድርጉት፤ አንድ ቆርኪ 5,000 ሰው። የምኒልክ ጦር ወደ 100,000 ይገመታል፤ 20 ቆርኪ። የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ጦር ወደ 17,700 ነው፤ 4 ቆርኪ ብታደርጉት ይቀርባል። 20 ቆርኪ በአንድ ካሬ ከተቀመጠ በአንድ ተራ እንኳ አይጠግብም። ስለዚህ ተጫዋቹ ጦሩን በአራት ካሬ ይበትናል።

አሁን አብራችሁኝ ቁጠሩ። ተራ 13 መቀሌ ነን። አራት ካሬ ላይ 40 ሽምብራ አለ። 20 ተበላ፣ 20 ቀረ። ተራ 14፣ ምሽጉ ገና ነው፤ ቀሪው 20 ተበላ። ካሬዎቹ ባዶ ናቸው። ተራ 15 ወደ ዓድዋ ተነሣን፤ አዲስ አራት ካሬ፣ 40 ሽምብራ። ተራ 15 እና 16 እሱን ጨረሱ። ተራ 17 የተያዘው ስንቅ ተነካ። ተራ 18 ላይ የመጨረሻው ሽምብራ ከቆርኪው ላይ ተነሣ። የካቲት 21 እስከ 30።

ጣሊያኑስ? በየተራው ከምጽዋ 3 ሽምብራ ይመጣለታል፣ 4 ይበላል። ተራ 13ን በ6 መጠባበቂያ ይጀምር። እሱም ተራ 18 ላይ ዜሮ ይገባል።

በእውነተኛውም የካቲት መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወገን ስንቁ እያለቀበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ይህ ሲደርስ ማንም ንግግር ማድረግ አያስፈልገውም። ሁለት ተጫዋች ባዶ ሲኒ እያዩ ዝም ይላሉ። አንዱ መንቀሳቀስ አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሽምብራውን ሁሉም በሚያየው ቦታ አታስቀምጡ። የተያዘውንና የመጠባበቂያውን ስንቅ በሲኒ ክደኑት። የባላጋራው ስንቅ ከታየ እያንዳንዱ የሌላውን ማለቂያ ቆጥሮ ይጠብቃል፣ ጨዋታው ሒሳብ ይሆናል።

7. ወሬ ስንት ተራ እንደሚፈጅ ወስኑ

ከሦስት ካሬ በላይ ለራቀ ጦር የሚሰጥ ትእዛዝ በወረቀት ይጻፍ፤ የሚፈጸመው በሚቀጥለው ተራ ነው። መልእክተኛ በእግሩና በበቅሎ ነው የሚሄደው። የ10 ቀን ተራ የመረጥንበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ተራው አንድ ወር ቢሆን ወሬ ሁሌ ይደርሳል፤ መዘግየት የሚባል ነገር አይኖርም።

ጣሊያኑ ቴሌግራፍ ስላለው ትእዛዙ በዚያው ተራ ይፈጸምለት። ዋጋ ግን ይክፈልበት። የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የክሪስፒ የሚነዘንዝ ቴሌግራም ለባራቲየሪ የተላከው የካቲት 18 ነው፤ ተራ 17። ከዚያ ተራ ጀምሮ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ የጣሊያን ተጫዋች በየተራው አንድ ነጥብ ይቀነስበት።

8. ውጊያ ሲመጣ ተራውን ሰንጥቁ

ሁለት ጠላት በአንድ ካሬ ከተገናኙ የ10 ቀኑን ተራ አቁሙና ወደ ቀን ውረዱ። እያንዳንዱ ተጫዋች በየትኛው ቀን እንደሚያጠቃ ከ1 እስከ 10 በምስጢር ይጽፋል፤ ቀድሞ የጻፈው ይጀምራል። ያ ቀን በአራት ይከፈላል፦ ንጋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ከሰዓት። ዓድዋ ንጋት ላይ ጀምሮ በዚያው ቀን ነው ያለቀው፤ አራቱ ይበቃሉ።

ከበባ ከሆነ አትሰንጥቁት። ሁለት ሙሉ ተራ ውኃው የተቆረጠበት ምሽግ እጁን ይሰጣል።

9. አምስት ተራ ሞክሩ

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ብቻችሁን ከተራ 9 እስከ 13 ተጫወቱ። ሦስት ነገር እዩ። ማንም ምንም ሳይወስን ያለፈ ተራ አለ? ሁለት ካሉ ተራው አጥሯል። በአንድ ተራ ውስጥ ሁለት ትልቅ ነገር ተደራረበ? ተራው ረዝሟል። ወቅት ሲቀየር ዕቅዳችሁን ቀየራችሁ? ካልቀየራችሁ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

የተለመዱ ስሕተቶች

*ሁለቱን ካላንደር ማደባለቅ።* የካቲት 23 ዛሬ የሚውለው መጋቢት 2 በፈረንጆች ነው። በ1896 ግን መጋቢት 1 ነበር። የጣሊያን ምንጭ እያነበባችሁ በስልካችሁ ካላንደር ከቀየራችሁት አንዳንዱ ቀን በአንድ ይዛነፍባችኋል። በ10 ቀን ተራ ብዙ አይጎዳም፤ ከተራው ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን ጦርነቱ ሌላ ተራ ውስጥ ይገባል።

*ለአገሩ ሁሉ አንድ ዝናብ።* ምጽዋና የቀይ ባሕር ዳርቻ የሚዘንብባቸው ደጋው በሚደርቅበት ወቅት፣ በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ነው። ትግራይም ዋናው ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይከማቻል፤ ከደቡቡ ያጥራል። ካርታውን ቢያንስ ለሁለት ክፈሉት፤ ዳርቻና ደጋ።

*መሃል ላይ የተራውን ርዝመት መቀየር።* «እስከ ታኅሣሥ በወር እንሂድ፣ ከዚያ በሳምንት» የሚል ሐሳብ ሁሌ ይመጣል። ስንቁም፣ ጉዞውም፣ ወሬውም በተራ የታሰረ ስለሆነ አንዱን ስትነኩ ሁሉም ይፈታል። ማፍጠን ከፈለጋችሁ ርዝመቱን አትንኩት፤ ጸጥ ያሉትን ተራዎች ሁሉም ተጫዋች ባንድ ጊዜ ትእዛዝ ጽፎ ይወጣቸው። እኛ ከተራ 4 እስከ 8 ያለውን እንዲህ በ25 ደቂቃ እንጨርሰዋለን።

*ለእያንዳንዱ ወር የራሱ ሕግ።* አንድ ጓደኛዬ 13 ወር፣ 13 ሕግ ጽፎ መጣ። ሁለተኛው ተራ ላይ ራሱ ረሳው። አምስቱ ካልበቁ ስድስት ይሁኑ፣ ከዚያ በላይ ግን ካላንደሩ ላይ መጻፊያ ቦታም የላችሁም።